በረሃ የገቡት ዓሣ አጥማጅ

ሽማግሌው በላስ ቬጋስ ፀሐይ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ነጭ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው ነበር ከአጎራባቿ ሄንደርሰን ከተማ ታክሲ የተሳፈሩት። ሹፌሩ ግዛቸው በመስታወት ሰርቆ ሲያያቸው ያዙትና የኮሮና ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ።

«ሽሪምፕ አጥማጅ ነኝ። በዚህ በረሃ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም» አሉት።

የኖሩት ሉዊዚያና ውስጥ ነው፤ ባዩ የሚሏቸው ዝግ ያሉ ወንዞች በሚያቋርጧት፣ ኬጀን የሚባሉ የጥንት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ዘሮች በሚኖሩባት ትንሽ ከተማ። «ማዕበል ሲመጣ ሰው ይሸሻል፣ እኔ እፎክራለሁ። ባለፈው ዓመት ጣሪያዬ ሲሄድ ፉከራዬም አብሮ ሄደ» አሉ። አሁን ተጠግተው ያሉት ሴት ልጃቸው ቤት ነው።

መንገድ ላይ የግዛቸው ልጅ ሮሐ ደወለች። በመኪናው ድምፅ ማጉያ እሱ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ አወሩና ስልኩ ተዘጋ። የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ።

«እኛ ልጆች ሆነን ፈረንሳይኛ ካወራን አስተማሪ ይገርፈን ነበር። ልጄ እንዳትገረፍ ብዬ ሳላስተምራት ቀረሁ። ብልጥ መሆኔ እኮ ነው! አሁን በፈረንሳይኛ ስሳደብ የምጸልይ ይመስላታል።»

ግዛቸው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ዳውንታውን ሊደርሱ ሲሉ ሽማግሌው ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «እስክንደርስ በቋንቋህ አውራልኝ። ባይገባኝም ግድ የለም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።»

ግዛቸው ሬዲዮውን ዘጋ።

«እንግዲህ ምን ልበልዎት፣ አባቴ?» አላቸው በአማርኛ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ» አሉት።