መብራት በመስክ ይሄዳል

ልጅ ሳለሁ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነች ማግስት፣ አጎቴ ጋትቤል የከተማውን ጄኔሬተር ከሚያስነሡት አንዱ ነበር። ናፍጣ አልቆ መብራት የሄደ ዕለት ሥራ ስለማይኖረው፣ ለቢምቢ ያጨስነውን ኩበት ከበን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ያኔ ተረት ይነግረን ነበር።

ከሁሉም ያልተረሳኝ ከብቶቹ የጠፉበት ሰው ተረት ነው። ሰውዬው መንገዱን ይዞ ቢሄድ ኮቴ አጣ፤ ቀና ሲል ግን ግራና ቀኙ ያለው ሣር ተረጋግጦ ተኝቷል፤ ለካ ከብቶቹ መንገዱን ከጎን እየተከተሉ በመስኩ ነበር የሄዱት። አጎቴ ይህን ሲጨርስ ከደጃችን ምሰሶ ወደተዘረጋው ሽቦ ያመለክታል።

«ያም እንደዚሁ ነው። ሽቦ ይመራል እንጂ አይሸከምም። ኃይሉ የሚሄደው በመስኩ ነው።»

መስክ የምትለዋን ቃል የሰማት በጄኔሬተሩ ሥራ ካሠለጠነው፣ ከደጋ ከመጣ ባለሙያ ነው። አጎቴ ግን አማርኛን የለመደው ከከብት ነጋዴዎች ስለሆነ፣ ሣር የበቀለበት መስክ መስሎት ተረቱን እዚያ ላይ ሠራው።

ስድስተኛ ክፍል ቲቸር ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ኃይሉ በየት አልፎ አምፖሉ ጋ እንደሚደርስ ጠየቀን። ያኔም እጅ የማወጣ ልጅ አልነበርኩም፤ የዚያን ቀን ግን አወጣሁና በመስክ አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ፣ «መብራትም ሣር ይበላል እንዴ?» አለች። ቁጭ አልኩ።

በሳምንቱ ቲቸር ኮምፓስ ይዞ መጣ። ሽቦውን ከባትሪው ሲያገናኘው መርፌዋ ማንም ሳይነካት ዞረች። በሽቦው ዙሪያ የማይታይ ነገር አለ፣ ስሙም መስክ ነው፣ ኃይሉም የሚሄደው በእሱ ነው አለን። ሰሌዳ ላይ የምንሥለው ሰርኪዩት፣ መስኩን ሁሉ መሣል ስለሚያቅተን ለማሳጠር የያዝነው አቋራጭ ነው፤ ለአምፖል ይበቃል፣ ሬዲዮ ላይ ስንደርስ ግን አይበቃም፤ እዚያ ኃይሉ ሽቦውን ትቶ ይወጣል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ባለፈው ሳምንት ያልሽውን ከማን ሰማሽ?»

ሁሉም ያየኛል። «ከመጽሐፍ» አልኩ። ጎሽ አለኝ።

ማታ መብራት ሄዶ ሳለ፣ ክፍል ውስጥ በመስክ ማለቴንና የኮምፓሷን ነገር ለአጎቴ ነገርኩት። ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ «የማን ከብቶች እንደሆኑስ ነገርሻቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በዚያ ምሽት ተረት ሳይጠየቅ ሦስት ነገረን።

ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቆምኩ፤ ከተማርኩትም ብዙው ጠፍቷል። አጎቴም የለም። አሁን መብራት ሲሄድ ልጄ ሽቦው ውስጥ የነበረው የት ገባ ትለኛለች። ተረቱን እነግራታለሁ፤ ከመጀመሬ በፊት ግን ከብቶቹ የአጎቴ የጋትቤል መሆናቸውን አስቀድሜ እናገራለሁ።