ካርድ አውጪው

ከአቃቂ ወደ ለገሃር በሚሄደው የጠዋት ባቡር ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ይቀመጥ ነበር። ሐኪም ለመምሰል ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ሥራው ግን የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ካርድ ማውጣት ነው። ካርዱ ላይ ያነበበውን ሁሉ ባቡሩ ውስጥ ያወራዋል። "በእኔና በእናንተ ይቅር" ይላል፣ ከንፈሩን በመሐረብ እየጠረገ፤ ፉርጎው በሙሉ ይሰማዋል።

አንድ ቀን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋን አቻምየለሽን አነሳ።

"ሰው በሌለበት ድምፅ ይሰማታል አሉ" አለን። እኛም፣ ማፈር ሲገባን፣ ጠጋ ብለን ሰማነው። ወሬው አለቃዋ ዘንድ ደረሰና ከሥራ ወጣች። እሱ ይህንንም እየሳቀ ነገረን።

በሳምንቱ አቻምየለሽ ራሷ ተሳፈረችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"እኔ እዚያ የሄድኩት ለመዳን ነው" አለችው ረጋ ብላ። "እርስዎም ዶክተሩ ፊት ተቀምጠው ሲያለቅሱ በሩ ክፍት ነበር። ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ መስኮቱ ዞሮ እስከ ለገሃር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለካ ዝም ማለት ይችል ኖሯል።