ዶሮዋን ያረደው እጅ

እኔ በንግድ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል የለየሁትም ጆንያ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። ከደብረ ብርሃን ገብስና ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ እጭናለሁ፣ አንኮበርን አልፌ ቁልቁለቱን ወርጄ አሊዩ አምባ አራግፋለሁ፣ ጥጥና በርበሬ ይዤ እመለሳለሁ። ለዚህ ሥራ ከአህያ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማን መቼ ምን እንደሚበላ ማወቅ ነበር። ደጋ ላይ በዐቢይ ጾም ሰው ቤት የደረሰ ነጋዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ አያነሳም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ሆዱን አስሮ ይጠብቃል። ቆላ ላይ በረመዳን የደረሰ ደግሞ ቆሎውን ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሰዎቹ እኩል ያዛጋል። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ይገጥሙና ደጋም ቆላም ስጾም እከርማለሁ። እንደ እኔ የጸደቀ ነጋዴ አልነበረም።

ሥጋ ሲሆን ግን ነገሩ በሰዓት አይፈታም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ዛሬ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ ሰው እያየ ይገባል። ያኔ ምልክቱ ቢላ የያዘው ሰው ነበር።

አሊዩ አምባ የማርፈው አንድ ጥጥና ቅቤ የሚነግድ ወዳጄ ቤት ነበር። እሱ «ደገኛው» ይለኛል፣ እኔ «ቆለኛው» እለዋለሁ። ግድግዳው ላይ ለእኔ ብቻ የተቀመጠ የሸክላ ድስት ተሰቅሎ ይኖራል። ስደርስ ዶሮ ከነነፍሷ ይሰጠኛል። አርጄ፣ ገነጣጥዬ፣ ሠርቼ የምበላው ራሴ ነኝ፤ ሚስቱ ሽንኩርትና ቅቤ ታቀብለኛለች እንጂ ሥጋውን አትነካም። ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ በእኔ እጅ ግን ከዘጠኝ አልፋ አታውቅም። እሱ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ይቆጥርና፣ የቀሩትን ሦስቱን ለአህዮቼ አካፍዬ እንደሆነ ይጠይቀኛል።

እሱም ደብረ ብርሃን ሲመጣ ወጉ ያው ነው። ጠቦት አስቀርብለታለሁ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ መልሶ በራሱ ቢላ ያርዳል። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት፣ ጠቦቱ ሲጎተት አይቼ፣ ቆላ በዶሮ እየሸኘኝ ደጋ በበግ መስተናገዱ ለማን እንደሚያዋጣ በቀልድ አነሳሁበት። ሳቀ። እኔም ረሳሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ቆላው ላይ ወባ ገባ። ማሽላው ደርሶ አጫጅ ጠፋ፣ ወፍ በላው። ደገኛው ነጋዴ ሁሉ አንኮበር ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ ተመለሰ። እኔ ወረድሁ። ለወዳጄ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ሻጭ እንደማይኖር አስቤ ነው። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ባና ይፈልጋል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደረስሁ፤ ገበያው በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሁልጊዜ ዶሮ የሚተራመስበት ግቢ ጭር ብሏል። አንዲት ዶሮ ብቻ እግሯ ታስሮ በሩ ጥግ ተኝታለች። ሚስቱ ወጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ጋሼ፣ ከተኛ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ እህል አልወርድ ብሎታል» አለችኝ ድምጿን ቀንሳ። «የቀረችን ይቺ ናት። መረቋን ላጠጣው ብዬ የሚያርድልኝ ሰው ልጠራ ስል መጡ።»

ገባኝ። ዶሮዋ በእነሱ ሰው ከታረደች መረቁ የእሱ ነው። በእኔ ቢላ ከታረደች በዚያ ቤት ከእኔ በቀር የሚቀምሳት የለም። ቶሎ ሂጂና ጥሪ አልኋት። እሱ ግን ድምፄን ሰምቶ ኖሮ፣ ድስቱን እንድታወርድ ከውስጥ አዘዛት።

ገባሁ። መደቡ ላይ አምና የሸጥሁለትን ባና ተከናንቦ ተኝቷል፤ ከባናው ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ገና ሳልቀመጥ ጾም ላይ ነኝ አልሁት። አጥንቱ ብቻ በቀረ ጣቱ ቀን ቆጠረ። ለክርስቲያን ቅቤ ሲሸጥ የኖረ ሰው የእኛን ጾም ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

«ሐሙስ ነው። የገና ጾምም አልገባም» አለ።

የንስሐ አባቴ ያዘዙብኝ ነው አልሁ።

«ምን አድርገህ? ሚዛንህን አዩብህ?»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴ ሳይለወጥ ስዋሽ የኖርሁት ሰውዬ፣ ያን ቀን አንዲት ውሸት አልሸጥ አለችኝ።

«ስማ» አለኝ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፤ «ቤትህ ጠቦት በልቻለሁ። ቤቴ መጥተህ ጾምህን አደርህ ሊባል ነው? በሞቴ፣ ቢላህን አውጣ።»

«በሞቴ»ን ማዕድ ላይ ሁሉም ይለዋል። ከተኛ ሰው አፍ ስሰማው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እምቢ ብዬ አህዮቼን ነድቼ መውጣት እችል ነበር። ይከፋው ነበር፣ መረቁን ግን ይጠጣ ነበር። ይህን ዛሬ አይደለም የተረዳሁት፤ ያኔም አውቄዋለሁ። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ቁልቁለቱን ስወርድ ከአንድ ጭብጥ በሶ በቀር አልቀመስሁም። የወዳጄ ክብርና የእኔ ረሃብ ወደ አንድ በኩል ሲጎትቱኝ አልተከራከርሁም። ወጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኋት። ሚስቱ ሽንኩርቱን አቀበለችኝ።

በላሁ። እሱ ትራሱን ከፍ አስደርጎ ቆጠረ። «ስምንት» አለ። «በየዓመቱ እየባሰብህ ነው የሚሄደው።» ሚስቱ የማሽላ አጥሚት በማንኪያ ስትሰጠው ሁለት ጊዜ ዋጠና ፊቱን አዞረ። መረቁ ከእሱ አንድ ክንድ ርቆ ይጨሳል።

ግማሽ ያህሉ ተረፈ። በማግስቱ ዓርብ ነው፣ ለእኔ ጾም፤ ለእነሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሆንም። ጠዋት ከአጥር ውጭ ለውሻ ደፋሁት። ገበያው ላይ ባናዎቹ እስከ እኩለ ቀን አለቁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስወርድ ከተቀበረ ሰንብቷል። አንኮበር ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ድሬሰር ኋላ ስነግረው፣ ወባን ክኒን እንጂ የዶሮ መረቅ አይመልሰውም ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፤ ባገኘሁት ቁጥር ይህንኑ እንዲደግምልኝ አደርገዋለሁ።

ሚስቱ ድስቱን አውርዳ፣ አጥባ፣ በገለባ ጠቅጥቃ አስቀምጣልኝ ነበር።

«ይውሰዱት፣ ጋሼ። ከእርስዎ በቀር የሚበላበት የለም።»

ተመልሶ ይሰቀል፣ ወደፊትም እመጣለሁ አልኋት። ድስቱን እጄ ላይ አኖረችና፣ «ያን ቀን ጾም ነኝ ያሉት ለእሱ ብለው ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኋት።

«ታዲያ ምነው አልጸኑ?»

ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ጥጡን ጫንሁ፣ ድስቱን ከጥጡ መሃል ወሽቄ ዳገቱን ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ገልብጣ አየችው፤ ለዶሮ ወጥ የሚሆን ጥሩ ድስት ነው አለች። የጾም ድስት ነው፣ ሥጋ አይገባበትም አልኋት። በየትኛው ወግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ፣ በገና ዕለትም ዶሮ ታርዶ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ጸናሁ።