ከወለሉ ሥር የመጣው ኳኳታ

በእናቱ ቤት «አይረጋም» ይሉት ነበር። ወተት እንኳ ካልነኩት ይረጋል፤ ይህ አናጢ ግን ቢነኩትም ባይነኩትም ያው ነው። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን እግር ይነቀንቃል፤ ሐዘን ሊደርስ ከሄደበት ቤት እንኳ የበሩን ማጠፊያ ሲያጠብቅ ተይዟል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ከአገሩ ወጥቶ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የተቀጠረውና አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ምድርም ሰማይም በማይባል ስፍራ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የተከራየው።

ሚስቱ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች። አስተማሪ ናትና ተማሪንም ባልንም መፈተን ታውቅበታለች። የባሏ ፈተና ባለ አንድ ጥያቄ ነበር። «ቁልፍህን የምትሰጠው አንድ ጎረቤት አግኝና እመጣለሁ። አንተ ሥራ ውለህ፣ እኔ ልጅ ይዤ በር ቢቆለፍብኝ ማንን ልጥራ? ሊፍቱን?» ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መልሱን ካልሰማች ለሌላ ዓመት ውል ልትፈርም ነው። ብቻውን ሌላ ዓመት መቆየት ለአይረጋም ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥያቄውን አላቀለለችለትም።

ጎረቤት ግን ከየት ይምጣ? ሊፍቱ ውስጥ ሰዎቹ ዕጣ የሚወጣላቸው ይመስል የሚበራውን ቁጥር አንጋጠው ያያሉ። ደህና አደራችሁ ሲላቸው አንዱ ሰዓቱን ይመለከታል፤ ሌላዋ ውሻዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። ከበሩ ትይዩ የሚኖረው ሰው ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ስለሚገባ አይረጋም የሚያውቀው ጫማውን ብቻ ነው፤ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ፣ ምናልባትም የደግ ሰው ጫማ። ለጫማ ግን ቁልፍ አደራ አይሰጥም።

ስለዚህ ነገሩን ከቤቱ ውስጥ ጀመረው። ከፋብሪካው ተራፊ እንጨት አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ሠርቶ ነበርና ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ያዘዋውራቸው ጀመር። ዕቃ ትክክለኛ ቦታውን ሲያገኝ ቤቱ በራሱ ሰው ይጠራል የሚል፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ እምነት ነበረው። አልጋውን መስኮት ሥር ሲያደርገው ተኝቶ ወደ ሰማይ የሚወድቅ መሰለው። ወደ ግድግዳው ሲመልሰው ቁም ሣጥኑ ብርሃን ከለከለ፤ ቁም ሣጥኑን ሲገፋ ጠረጴዛው መግቢያ አጣ። ሦስቱ ዕቃዎች ርስት እንደሚካፈሉ ወንድማማቾች ተፋጠጡ።

አንድ ምሽት ቁም ሣጥኑን ከወዲያ ወዲህ ሲጎትት ከወለሉ ሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ።

አይረጋም ባለበት ደረቀ። ያደገው ከአክስቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ነው። አክስቱ ግድግዳውን ሲያንኳኩ «አላችሁ?» ማለታቸው ነበር፤ ከወዲህ ሁለቴ ሲመለስላቸው «አለን» ማለት ነው። እነሆ በሰው አገር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው «አለህ?» አለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተረከዙን አንሥቶ ወለሉን በአክብሮት ሁለት ጊዜ መታ። ከታች ያለው ኳኳታ በረታ። ጎረቤቱ የልብ ሰው መሆኑ ገባውና እሱም አበረታ። እንዲህ ሲጨዋወቱ ሰነበቱ።

ለሚስቱ በስልክ ነገራት። መልኩን አይተኸዋል ብትለው አላየሁም አለ። ስሙንስ ብትለው እሱንም አላወቀም። «ቁልፍህንስ ይዟል?» አለችው በመጨረሻ።

«ገና ነን።»

«እንግዲያው አንተ የምታወራው ከወለል ጋር ነው» ብላ ልጅቱን ልታስተኛ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት አጠር ያሉ፣ ነጭ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ የሰበሰቡ ሴትዮ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ቆመዋል። የእንጨቱ ጫፍ ኖራ በኖራ ሆኗል። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ዕድሜያቸውን በቀዶ ጥገና ክፍል የፈጁ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ።

«ይግቡ እናቴ፤ ስጠብቅዎት ነበር» አለ።

«እናትዎ አይደለሁም። የኮርኒሴ ልስን ረግፎ አልጋዬ ላይ ነው። ዝም ይበሉ ብዬ በመታሁ ቁጥር ለምንድን ነው የሚጨፍሩብኝ?»

አይረጋም የአክስቱን ግድግዳ ታሪክ ሊያስረዳ ሞከረ። የዚያን አገር ቋንቋ የለቀመው ከፋብሪካ ስለነበር ግማሹ የመሣሪያ ስም፣ ግማሹ የአለቃ ቁጣ ነው፤ ታሪኩም በግድግዳ ላይ የቀረበ ክስ መሰለ። ነርሷ የበሽተኛ ሕመም እንደሚሰሙ ሆነው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ በሩን በዘጋ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በእፍረት እንደ በርበሬ ቀልቶም ቢሆን፣ ቁልፉን ይይዙለት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ቁልፍዎን ትተው አልጋዎን ይያዙ» ብለው ወረዱ።

በማግስቱ የዕቃዎቹን እግር ሁሉ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ ጠቀለለ። ከዚያ ወዲያ ቁም ሣጥኑ እንደ ድመት ነበር የሚሄደው። ከታችም ድምፅ ጠፋ። እጁ ግን የመስኮቱን እጀታ ይፈታል፣ ይገጥማል፤ እግሩ ከወጥ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ይመላለሳል። ትምህርት የሚከፈትበት ሳምንት ደርሷል። ጎረቤት አለኝ፣ ግን ጠልተውኛል ቢላት የሚያልፍ መልስ አይሆንም። አንድ ምሽት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እጁም እግሩም ዝም አሉ። ውሉን ፈርሚ ሊላት ስልኩን አነሣ።

ይህን ጊዜ ከታች ኳ አለ።

ዕቃዎቹን አየ፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ኳ ኳ አለ። አይረጋም አንዴ ተቃጥሏልና ተረከዙን አላነሣም። ጥቂት ቆይቶ ሊፍቱ ሲቆም ተሰማ፤ በሩም ተንኳኳ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለ ገና ሳይከፍት።

«ምንም። ያስመጣኝም እሱ ነው» አሉ ነርሷ፣ ሳይጋበዙ እየገቡ። «የሚያንኳኳ ሰው ድንገት ዝም ሲል ደግ ምልክት አይደለም፤ ስንቱን አይቻለሁ። ሞተው ቢሆን በሩን ማን ሊሰብር ኖሯል?» ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን እግር እንደ ቁስል ፋሻ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ደህና ተጠቅልሏል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን ያምጡ። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም፤ ሬሳ ከራሴ በላይ እንዲያድር አልፈልግም። በየምሽቱ ከሁለት ሰዓት በፊት አንዴ ይምቱልኝ። ካልመቱ እመጣለሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመቱም እመጣለሁ።»

ቁልፉ ከእጁ ሲወጣ አይረጋም አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ እሳቸው ግን ሊፍቱን ጠርተው ነበር።

ለሚስቱ ሁሉንም ከሥሩ ጀምሮ ተረከላት። እሷም እንደ አስተማሪ አንድ ቀዳዳ ፈለገች።

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ቁጡ ናቸው።»

«ማንን ነው የሚቆጡት?»

«እኔን።»

ከወዲያ ልጅቱ የሆነ ነገር ስትጠይቅ ይሰማል። ሚስቱ «ትኬት ቁረጥልን» አለች።

ስልኩን እንዳስቀመጠ የልጅቱ አልጋ ትዝ አለው። የት ሊገባ ነው? ግድግዳውን በስንዝር ለካ፤ ቁም ሣጥኑን ወደ በሩ አስጠጋ፣ መለሰው፣ እንደገና አስጠጋው። ደስታውን የሚነግረው ሰው አጥቶ ዞር ዞር አለና ተረከዙን አንሥቶ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ ረጅምና የተቆጣ ነበር። ሰዓቱን ሲያይ ሁለት ካለፈ ቆይቷል። ይህኛው ሰላምታ አለመሆኑ ሳይውል ሳያድር ገባው። ተረከዙ ግን ልማዱን አልረሳምና ለመልስ ተነሥቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያዘው።