የኋላው መስመር አራተኛ ሰው

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በአንድ ገጽ አራት ክቦች ተሥለዋል። ሦስቱ በእርሳስ ለቀቅ ብለው የተሣሉ ናቸው፤ ከግራ ሁለተኛው ግን ደጋግሜ ያከበብሁት ይመስላል፣ መስመሩ ወፍሯል። ለምን እንዳወፈርሁት አላስታውስም። ከትዝታዬ ይልቅ እጄ የጻፈውን አምናለሁ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ የሰኔ ሳምንት ወዲህ ግን እጄንም በጥርጣሬ ነው የማየው።

ጎንደር ከተማ ለረጅም ዘመን ጂኦሜትሪ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከዳባት ወዲያ ባለች አንዲት የደጋ ከተማ የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። እሑድ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳቸው ያደርጋሉ፤ ተጋጣሚያቸው ከሁሉም ይልቅ ብዙ ግብ ያገባ፣ ሁለት እጅግ ፈጣን አጥቂዎች ያሉት ቡድን ነው። አቻ ከወጡ በውድድሩ ይቆያሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ፤ ከወረዱ ደግሞ ሹማምንቱ ቡድኑን እንደሚያፈርሱት ቁርጡን ነግረውታል። ዕድሜውን የሰጠው ሥራ በአንድ ከሰዓት ሊያበቃ ይችላል።

«መምህር፣ መጥተው የኋላ መስመራችንን ይዩልኝ» አለኝ። «አስቀድሜ ምንም አልነግርዎትም። ያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ።»

ስለ እግር ኳስ ያለኝ ዕውቀት ከተራ ተመልካች አይበልጥም። ሆኖም መከላከል የርቀትና የማዕዘን ጉዳይ ነው እያልሁ ክፍል ውስጥ ስከራከር የኖርሁ እኔ ነኝና እምቢ ለማለት አፈርሁ። ዐርብ ጠዋት ጎንደር ካለው ሰፈሬ ከቀሐ ተነሥቼ በሚኒባስ ሄድሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልምምዱ ላይ ደረስሁ።

ሜዳው ከከተማዋ በላይ፣ የገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ በአንደኛው ግብ ይገባና በሌላኛው ይወጣል። ተጫዋቾቹ እስከ ወገባቸው ይታያሉ፣ ከዚያ ጨርሰው ይጠፋሉ፣ ከዚያ ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ይመለሳሉ። ከጉሙ ይልቅ የከበደኝ ዝምታው ነበር። ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ እንዲያ ጸጥ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ግብ ጠባቂው ብቻ፣ የቡድኑም አምበል እሱ ነው፣ ደብተሬን አይቶ፣ «አያ፣ እኔን ሲሥሉ ወፈር ያድርጉኝ፤ እነዚያ አጥቂዎች ካዩት ይደነግጡ ይሆናል» አለኝ። እኔ ሣቅሁ። ከተከላካዮቹ የሣቀ አልነበረም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። የጻፍሁት ከፊቴ ነውና ቃል በቃል ልገልብጠው። የቀኙ መስመር ተከላካይ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ለመመለስ ይዘገያል። የግራው ጠንቃቃ ነው፣ ግን ዘወትር ወደ መሀል ያያል። የቀኝ መሀሉ ጉልበተኛ ነው፤ ሲጣደፍ ይደነግጣል። ከዚያ ወፍራሙ ክብ ይመጣል፤ «የግራ መሀል ተከላካይ፤ ረጅም። አይናገርም፣ በእጁ ይጠቁማል። ኳስ ከቀኝ ሲመጣ ከሌሎቹ ቀድሞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። አጥቂዎቹ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ይዞራሉ። የመስመሩ ምሰሶ እሱ ነው፤ በዚያ በኩል አያልፉም።»

አመሻሹ ላይ አሠልጣኙ ቤቱ ተቀምጦ ይህን አነበበ። ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና አነበበ።

«ስንት ሰው አዩ መምህር?»

«አራት።»

«ሦስት ነበሩ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። የግራ መሀል ተከላካያቸው ለሦስት ቀን ታሞ ሞቷል፤ ያ ዕለት ከሞተ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። በቀብሩ ማግሥት ተጫዋቾቹ ተሰብስበው፣ አርባው ሳይወጣ በቦታው ማንም እንዳይቆም፣ ስፍራውንም ማንም እንዳይረግጥ ቃል ገቡ። ውድድሩ በተማሪዎች ፈተና ምክንያት ተቋርጦ ስለነበር ጨዋታ አልገጠማቸውም፤ ልምምድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ተከላካዮች እሱ እንዳለ አድርገው ርቀታቸውን ይጠብቃሉ። የራሳቸው አጥቂዎች እንኳ እዚያ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ። እሑድ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። አሠልጣኙ ተቀያሪ አዘጋጅቷል፣ ልጆቹ ግን በአርባው ውስጥ አይሆንም ብለውታል፤ እሱም ሟቹን ከልጅነቱ ያሠለጠነ ነውና ደፍሮ ሊያዝዛቸው አልቻለም። ስለዚህ ነው ምንም ሳይነግረኝ የጠራኝ፤ ነገሩን የማያውቅ ሽማግሌ መጥቶ «እዚህ ቀዳዳ አለ» ብሎ ቢጽፍ ለእነሱ ሊያነብላቸው አስቦ ነበር።

«አሁን ይህን ባነብላቸው» አለ ወረቀቱን እያየ፣ «ያን ቦታ እስከ ዘላለም አይነኩትም። በእጁ መጠቆሙን ከማን ሰሙ?»

ከማንም እንዳልሰማሁ ነገርሁት። ነገር ግን ይህን በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል ወዲያው ጨመርሁበት። አምና ጎንደር መጥተው ሲጫወቱ ጋብዞኝ እንደነበር አስታወሰኝ፤ እኔ ግን ያን ጨዋታ ፈጽሞ አላስታውሰውም። ምናልባት ያኔ ያየሁት ሰው አእምሮዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ሦስቱ የተዉለትን ክፍት ቦታ ሲያገኝ ገብቶበት ይሆናል። ግራ ዓይኔ ሞራ ተገፍፎለታል። ጉምም ነበር። ምክንያቱ ሞልቷል፤ ያጣሁት ከምክንያቶቹ አንዱን እንኳ ማመን ነበር።

እሑድ ጠዋት ተጫዋቾቹ ፊት ቆምሁ። እንደተማረ ሰው መናገር ያለብኝን ተናገርሁ፤ ቦታው ባዶ ነው፣ የሚመጡት አጥቂዎች ኀዘናችሁን አያውቁም፣ ሰው ይቁምበት አልሁ። ዐርብ አራት ሰው የማየቴ ወሬ ደርሷቸው ኖሮ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ግብ ጠባቂው ብቻ ቀና ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ።

«አያ፣ ዐርብ አይተውት ከሆነ ዛሬ ምነው ይክዱታል?»

ዓይኔ ደክሞ ነው አልሁት። እውነት ሊሆን ይችላል። ከአፌ ሲወጣ ግን ውሸት መሰለኝ።

እሺ አሉ። ተቀያሪው ገባ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። በሁለተኛው የእኛዎቹ ዘወትር የሚለማመዱበትን ግብ መጠበቅ ጀመሩ፤ ጉሙም ተመለሰ። ያኔ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ተቀያሪው በታዘዘው ስፍራ አልቆመም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተጠግቶ፣ ጌታው የተነሣበትን ወንበር ላለመንካት እንደሚጠነቀቅ እንግዳ፣ ቦታውን ለባለቤቱ ትቶ ቆሟል። ለአሠልጣኙ ልናገር አሰብሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ በዓይኔ መሳሳት ፈርቼ ዝም አልሁ።

ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱ ፈጣን አጥቂዎች የቀኝ መሀሉን አጣደፉት። እሱም ሲጨነቅ ለሟቹ ያደርግ እንደነበረው፣ ዞር ብሎ ሳያይ ኳሱን ወደ ግራ ጎን ሰጠ። ኳሱ ያን ስፍራ አቋርጦ ለተቀያሪው መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። እግር እንደረገጠው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለአፍታ ሁሉም ቆሙ፤ አጥቂዎቹም ጭምር ቆሙ፤ ወይም እኔ እንዲያ አስታውሳለሁ። ከዚያ አንደኛው ደርሶ መታው፣ ገባም።

ፊሽካው ሲነፋ የቀኝ መሀሉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። የወቀሰው የለም። አሠልጣኙ ምን ሆነህ ነው ቢለው፣ «ለእሱ ነው የሰጠሁት» ብቻ አለ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ አሠልጣኙና እኔ ወደዚያ ስፍራ ተጠጋን። ዙሪያው የተረገጠ ጭቃ ነው። መሀሉ ላይ ግን ሠላሳ ስምንት ቀን ያህል የልጆቹ እግር ሳያርፍበት፣ ዝናቡም ገብቶ፣ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ድረስ አድጓል። ኳሱን የያዘው ይህ ነው አልሁት፤ የረጠበ ረጅም ሣር ኳስ ያቆማል። እሱም ሊያሳጭደው አስቦ ልጆቹን አዝኖላቸው እንደተወው ነገረኝ።

ይህ በቂ ማብራሪያ ነው፤ ዛሬም እቀበለዋለሁ። መሀሉ ላይ ግን ሣሩ በሁለት እግር ጫማ ልክ ተኝቶ ነበር፤ ጎን ለጎን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው እንደሚቆም። ግብ ያገባው አጥቂ በሩጫ ነው የደረሰው። ዳኛው ቆሞበት ይሆናል። ለአሠልጣኙ አላሳየሁትም፤ አይቶት እንደሆነም አልጠየቅሁትም።

«ቡድኑ ፈርሷል፤ ሹማምንቱ ከወሬ ከሚሰሙት እኔ ልንገራቸው» አለና ወደ ከተማ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አጭሩ መንገድ በሣሩ ላይ ነበር። እሱ ዞሮ አለፈ። እኔም ጥቂት ቆሜ ካመነታሁ በኋላ ዞሬ ተከተልሁት።