ከጉንፋናሙ መርማሪ ክፍሎች የትኛው ይበልጣል

ወንድሜ ኩላሊቱ እስኪደክም ድረስ የስንዴ ኮምባይነር ሹፌር ነበር። አጨዳ ሲደርስ ከኢተያ እስከ ዲክሲስ ያለውን ማሳ ሲዞር ይከርምና ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ለብሶ አሰላ ይመለሳል። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ አንቱ ግን ብዬው አላውቅም።

ሐኪሞቹ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት ሲሉን ቦታ የተገኘው አዳማ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን ቁልቁል እንወርዳለን። ባለቤቱ ልጆቹንና ከብቶቹን ጥላ መሄድ ስለማይሆንላት አብሬው የምሄደው እኔ ነበርኩ። ኢተያን ስናልፍ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል፤ ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ ሲቀበለን ያወልቀዋል። ስንመለስ ግን አቅም ስለማይኖረው የማለብሰው እኔ ነኝ።

ማሽኑ ላይ ረጅም ሰዓት ነው የሚተኛው። መጀመሪያ ሰሞን ክንዱን ለመርፌው ሰጥቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። አንድ ቀን ዘወር ብሎ፣

«ያ ጉንፋናሙ መርማሪ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

እንዴት ይረሳል! ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ያ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ሲጀምር ሳሎኑ ሰው በሰው ይሆናል። መርማሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት ጉንፋን የማይለቀው ሰውዬ ነው። በመሐረብ አፍንጫውን እየጠራረገ ነፍሰ ገዳይ ይይዛል። ስሙ ለአፋችን ስለከበደን ጉንፋናሙ አልነው። ጋሼ ትንሽ እንግሊዝኛ ይሰማ ስለነበር ለሰፈሩ የሚተረጉመው እሱ ነው፤ ያልገባውን ከራሱ እየጨመረ።

አሰላ ውስጥ ፊልም የሚጭን ሱቅ ጠይቄ ክፍሎቹን ሁሉ ስልኬ ላይ አስጫንኩ። ከዚያ በኋላ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ እየሰካን በሄድን ቁጥር አንድ ክፍል እናያለን። ሲያልቅ ክርክራችን ይጀመራል፤ የትኛው ክፍል አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ፣ የትኛው ከናካቴው ባይሠራ ይሻል እንደነበር።

«የሰዓት ሠሪው አንደኛ ነው» አልኩት። «ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይታወቅም።»

«እሱ እንቆቅልሽ ነው። አንደኛ የባቡር ጣቢያው ነው።»

በባቡር ጣቢያው ክፍል መርማሪው ገዳዩን ገና ሲጀመር ያውቀዋል። ሽማግሌ የጣቢያ ዘበኛ ነው። የመጨረሻው ባቡር እስኪያልፍ ድረስ አብሮት ሻይ ሲጠጣ ይቆይና ከዚያ ክንዱን ይዞት ይሄዳል።

«ይዞት ሲሄድ ፊቱን አየሽው? ከብዶታል እኮ» ይለኛል ጋሼ። «ለሰው የማያዝን መርማሪ ምን ይሠራል?»

አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ከዴራ የሚመጡ አሮጊት ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነው። ሳቃችንን ሰምተው ምን እንደምናይ ጠየቁ፤ ጋሼም እንደ ድሮው መተርጎም ጀመረ፣ አሁን በኦሮምኛ። ስልኩን በሁለቱ አልጋዎች መሐል አቆምኩት። አሮጊቷ ታሪኩ ገና ሳይያዝ «ኤኙቱ አጄሴ?» ይላሉ፤ ማን ገደለው ማለታቸው ነው። እኔ አሁን አይነገርም እላለሁ፣ ጋሼ ግን ሹክ ይላቸዋል።

ደረጃ ሲሰጡ ደግሞ ጨካኝ ናቸው። የኔን የሰዓት ሠሪ ከሁሉም በታች አወረዱት። «ሰው ሞቶ አልቃሽ የለም? ምን ዓይነት አገር ነው?» አሉ። ለሳቸው አንደኛው የልብስ አጣቢዋ ክፍል ነበር። የሴትዮዋ ልጅ ወንዝ ዳር ሞቶ ይገኛል፤ መርማሪው ቤቷ ሄዶ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቃት እስኪመሽ አብሯት ይቀመጣል። «ይሄ ለቅሶ መድረስ ያውቃል» አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አንድ ማለዳ ስንገባ አልጋቸው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ነርሷን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ቤታቸው እንዳሉ አርፈዋል። ጋሼ ክንዱን ለመርፌው ሰጠ። ማሽኑ መዞር ሲጀምር «የልብስ አጣቢዋን ክፈቺው» አለኝ። አይተን ስንጨርስ፣

«ከዛሬ ጀምሮ አንደኛ ይሄ ነው» አለ።

«የባቡር ጣቢያውስ?»

«ሁለተኛ። አትከራከሪኝ።»

በዚያው ሰሞን ሳልነግረው ተመርምሬ ኩላሊቴ እንደሚሆነው አወቅሁ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነገርኩት። እንደሚያቅፈኝ ነበር የጠበቅሁት።

«አይሆንም» አለ። «አንቺ ልጆች አሉሽ።»

«አንተስ የለህም?»

«ስላሉኝ ነው እምቢ የምለው። እኔ ብሞት አንቺ ትሰበስቢያቸዋለሽ። ሁለታችንም ብንተኛ ማን አላቸው?»

ተናድጄ ከአዳማ እስከ አሰላ አላናገርኩትም። ኢተያ ላይ ሲበርደው ሹራቡን ሳለብሰው እንኳ ፊቱን አላየሁትም። ባለቤቱ አለቀሰች፣ ሽማግሌ ላክንበት፤ በስንት ልመና እሺ አለ። ግን እሺ ባለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ያዘው። ደሙ ተመርዟል አሉን። ቀዶ ጥገናው ይቆይ ተባለ፤ እንደተባለውም ቆየ፣ እሱ ግን አልቆየም። አዳማ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈ።

አስከሬኑን ይዘን ሽቅብ ስንመለስ አጨዳው ተጀምሮ ነበር። ኢተያ አቅራቢያ አንድ ኮምባይነር ማሳው መሐል ቆመ። ማን ነግሮት እንደሆነ አላውቅም፤ ሹፌሩ ወርዶ፣ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ፣ መኪናችን እስኪያልፍ ድረስ ገለባው ውስጥ ቆሞ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ያልመጣልኝ ለቅሶ የመጣው ያኔ ነው።

ድንኳኑ ፈርሶ እንግዳው ሲሳሳ፣ ባለቤቱ ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜውም እትዬ አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«እዚያ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስታወሩ ትውሉ ነበር?» አለችኝ።

«ፊልም እናያለን፤ የትኛው እንደሚበልጥ እንከራከራለን።»

«ስለኔ አያነሳም?»

ብዋሻት ደስ ይላት ነበር። ግን የመጨረሻውን ዓመቱን እኔ ወስጄባታለሁ፤ ውሸት ልጨምርበት አልፈለግሁም።

«እምብዛም አያነሳም፣ እትዬ። ስለ ራሱም አያወራም።»

አንገቷን ደፋች። ቀጥላም «እስቲ የሚወደውን ንገሪኝ» አለች። የልብስ አጣቢዋን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እንደ እሱ ማሳመር አልቻልኩበትም። ስጨርስ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«በቃ? ሰውየው ዝም ብሎ ተቀመጠ?»

«በቃ።»

«ይሄ ምኑ ነው አንደኛ የሚያስብለው?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ትከሻዋን ያዝኩና ልጆቿ ራት እስኪሉ ድረስ አብረን ተቀመጥን።