ከካርቱም ወረታ የገቡት ጀምበሪዎች

ካርቱምን የለቀቅነው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ አውቶቡስ ሲጋፋ እኔ አንዲት ጀሪካን ታቅፌ ነበር። ውስጧ አሥራ ሁለት ጀምበሪና አራት ጭራ ሰፊ ዓሣዎች አሉ። ጀምበሪ የሚሏት ዐረቦች ናቸው፤ እኛ አገር ስም አላወጣንላትም። ከጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ፣ እንደ መስታወት ውስጧ የሚታይ፣ እግረ ብዙ የውኃ ፍጥረት ናት።

ሐጂ ኡስማን የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሱቁ ውስጥ ሠርቻለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ዐረብኛ ፊደል የለየሁት ከዓሣ መድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ዓሣ ሊታመም ሲል ገና ከአዋኛኘቱ አውቃለሁ፤ ካርቱም የኖራችሁ ምስክሮቼ ናችሁ። ሱቁ በጦርነቱ ሲመታ ሐጂ ወደ ግብፅ ተነሣ። ሆዷ ሥር እንቁላል ያዘለች አንዲት እናት ጀምበሪ አሳየኝና፣ "አሥር ዓመት የለፋሁበት ዘር የቀረው እሷ ጋ ነው። አድንልኝ" አለኝ።

"ለእኔ ሰጥተህ ደግሞ ትጠራጠራለህ?" አልሁት።

መተማ ላይ ፈታሹ ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየ።

"አባት፣ ምንድን ነው?"

"ጀምበሪ።"

"ይበላል?"

"ይህ አይበላም።"

"መድኃኒት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ይኖራል።"

ፊቴን፣ ከዚያም ከኋላዬ የተሰለፈውን ተፈናቃይ አየ። "መኖሩንማ ሰውም አልቻለው፤ ይለፉ" አለኝ።

ወረታ ስገባ የተወለድሁበት ቁሐር ሚካኤል በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ እንኳ ዘመድ ልጠይቅ አልሄድሁም፤ ፍጥረቶቼ ማረፊያ ይፈልጋሉ። ከሸቀጥ ነጋዴዋ ከዘይነባ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ትልቅ ሳፋም አዋሰችኝ። ከጀሪካኑ ውኃ ጋር በየቀኑ ጥቂት የቧንቧ ውኃ እየጨመርሁ አንድ ወር በሳፋው አኖርኋቸው። ያልለመድሁት እኔ ነኝ። ካርቱም ሳለሁ የፎገራ ጭቃ በአፍንጫዬ ይመጣ ነበር፤ ወረታ ተቀምጬ ደግሞ የካርቱም ፉል ያምረኛል። እዚህም ፉል አለ፣ ግን የሰሊጥ ዘይቱን ሲያፈሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

አንድ ጠዋት ዘይነባ በሩ ላይ ቆመች።

"አያ ደሳለኝ፣ ዐረፋ ደረሰ። ሳፋዬን።"

"የመስታወት ቤት እየሠራሁላቸው ነው።"

"የእኔ ልጆች በጭቃ ቤት አድገዋል፤ የእርስዎ የውኃ አንበጦች መስታወት አማራቸው?"

ገንዳውን በእጄ ሠራሁት። የከተማው መስኮት ሠሪ ውኃ አይዝም ብሎ ሸሸ፤ እኔ ቆርጬ፣ በሲሊኮን አጣብቄ፣ ሞልቼ አሳደርሁት፤ ጠብ አላለም። የቀረው ማዛወር ነው። እዚህ ላይ ነው የፎገራ ልጅነቴ ጉድ የሠራኝ። በእኛ ሜዳ ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ አምባዛ ዓሣው አዲሱን ውኃ ተከትሎ ከጣና ይመጣል፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር ይርመሰመሳል። አዲስ ውኃ ሕይወት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ካርቱም አዲስ ገንዳ የሚያስጀምረው ሐጂ ራሱ ስለነበር ይህን እምነቴን የፈተነው አልነበረም። ከጉማራ የመጀመሪያውን ሙላት በበርሜል አስመጥቼ፣ አዝቅጬ፣ ገንዳውን ሞላሁ። ድንጋዮቹን ፈትጌ አጠብሁ፣ የሳፋውን አሮጌ ውኃ ለዘይነባና ለልጆቿ "ድፉልኝ" ብዬ አስወጣሁ፣ በወንፊት የለየኋቸውን ፍጥረቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ገለበጥኋቸው።

ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ያዛጉ ጀመር። ጀምበሪዎቹ ከግድግዳ ግድግዳ እንደ እብድ ይወረወራሉ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ በጎናቸው ወደቁ፤ መስታወት የነበረ ገላቸው ወተት መሰለ። እናቲቱ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። "ኧረ ጉድ!" ብዬ ጮኽሁ።

ዘይነባ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። "ምን አድርገዋቸው ነው?"

"አዲስ ውኃ ሰጠኋቸው።"

"አሮጌው አንድም ጠብታ ሳይቀላቀል? አያ፣ ቃሪያ እንኳ ሲዛወር ከነአፈሩ ነው የሚነቀል! ነፍስ ያለውን አጥበው ይተክላሉ?"

እኔም ይህንኑ ልል ነበር፤ ቀደመችኝ። "አሮጌው ውኃ የታለ?" አልኋት።

"በሁለት ባልዲ ለቃሪያዬ አስቀምጬው ነበር። አንዱን አጠጥቻለሁ።"

"አንዱስ?"

"ጓሮ ነው" አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሮጠች።

የባልዲውን ውኃ ሳፋው ውስጥ መለስነው፤ በወንፊት አንድ በአንድ እያነሣሁ አስገባኋቸው። ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ አስመጣሁና አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ፣ ሌላውን ሳፋው ላይ አድርጌ ጠብታውን በመዘውሯ መጠንሁ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ እንደ ሕመምተኛ። መብራት ስለጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር አይሠራም፤ ዘይነባ በጣሳ እየቀዳች ከላይ ታፈስላቸዋለች።

"ገበያዬን ዘግቼ አንበጣ ላስታምም!" ትላለች፤ ጣሳውን ግን አላቆመችም።

ሌሎች ሁለት ሞቱ። ከቀትር በኋላ ዓሣዎቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ጀምበሪዎቹ ረግተው ከሳፋው ሥር ምግብ ይለቅሙ ጀመር። የሁለቱ ውኃ አንድ እስኪሆን ጠብቄ ቀስ ብዬ ወደ ገንዳው አሻገርኋቸው። እናቲቱ ከወንፊቱ ስትወርድ አንዴ ጭራዋን መታች፣ ትልቁ ድንጋይ ሥር ገባች።

በማግስቱ ቆጠርሁ። አራት ዓሣ። ሰባት ጀምበሪ። እሷ የለችም። ድንጋዩን ባነሣ ከሞት የተረፈችውን ላስደነግጥ ነው፤ ባላነሣ መኖሯን አላውቅም። በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ።

"ያ ደሳለኝ፣ እንዴት ናችሁ?" ሐጂ ነው፣ ከግብፅ።

"ገንዳ ሠራሁ ሐጂ! ብታየው የካርቱሙን ያስንቃል። በእጄ ነው የሠራሁት።"

"ማሻአላህ። እናቲቱስ?"

"መስመሩ ይቆራረጣል" አልሁት። አልተቆራረጠም ነበር።

"እኔ እሰማሃለሁ" አለ። "እናቲቱስ?"

ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ድንጋዩን አየሁት። "አላውቅም ሐጂ" አልሁት፤ "ያለ አሮጌው ውኃ ገልብጫቸው አራቱ ሞቱብኝ፤ እሷን ከድንጋዩ ሥር እስክትወጣ እየጠበቅሁ ነው።"